ለእትዬ የሚሆን ምድጃ

ምድጃ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ገና ደጃፌን ሳይረግጥ ጋዝ ይሁን ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። የጋዝ ሰው ቸኩሎ ይገባል፤ ማዞሪያውን ይዞ ቀጭ ቀጭ ያደርግና «ይኼ ስንት ነው?» ይላል። የኤሌክትሪክ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደድና መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጽዳቱ ነው። ባልና ሚስት ሲመጡ ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ ከፊታቸው አነባለሁ። የምታበስለው ዝም ካለች የማያበስለው የመረጠው ይገዛል፤ በወሩም «ቀይሪልን» ብለው ይመለሳሉ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ስሸጥ የተማርኩት ይኼን ይኼን ነው።

እንዲህ ያልኩ ዐዋቂ ነኝ እንግዲህ፣ ምክሬ ከልብ ሲፈለግ ሁለት ጊዜ የሳትኩት።

ጋሽ አፍንጫ ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ቤት ውስጥ ምድጃ ይጠግናሉ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ የሚፈስ ጋዝ ከአጥር ውጭ ሆነው ያሸታሉ። አንድ ጊዜ በሱቄ በር ሲያልፉ ቆም አሉና «ከኋላ ካሉት ሲሊንደሮች አንዱ ይተነፍሳል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ገና እኮ ነው የመጡት» ብዬ ተከራከርኩ። የሳሙና ውሃና ብሩሽ ይዘው መጡና የሲሊንደሮቹን አንገት አንድ በአንድ ቀቧቸው። ሦስተኛው ላይ አረፋው ኩፍ ኩፍ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ሸተተኝ ካሉ እኔ ክርክር የለኝም።

የሥራ ሕጋቸው አንዲት ናት፤ «መጀመሪያ ዝጋ፣ ከዚያ ፈልግ» የምትል። ኤሌክትሪክ ምድጃን ግን አንድ ቀን በበጎ አንስተውት አያውቁም። ደንበኛ ሳነጋግር በራፌ ላይ ቆመው ገበያዬን ያበላሹብኛል። «ጋዝ ሲበላሽ ይናገራል። ይሸታል፣ ያፏጫል፣ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ግን ሳይጮህ የሚነክስ ውሻ ነው» ይላሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ጉሮሮዬን አይዝጉት!» እላለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ለጉሮሮሽ ስትዪ የሰው እጅ አታስነክሺ» ይሉኛል። አንቺ ልጅ የሚሏት የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት።

እትዬ ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ ጀርባ ነው፤ ቢበዛ ሦስት መቶ እርምጃ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል በሦስት ድርብ የምሳ ዕቃ ምሳ ይዘው ከች ይላሉ። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ታጠብ» ይሏቸዋል ገና በር ላይ ሆነው። የላይኛዋ ድርብ የእኔ ነበረች። «አንቺ አጥንት፣ ብዪ እንጂ!» እየተባልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእጃቸው በልቻለሁ። እንደሳቸው ያለ ባለሙያ አላየሁም። አራት ድስት ባንዴ ጥደው፣ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ሽንኩርት እየከተፉ፣ የትኛው ነበልባል እንደበዛ በጆሯቸው ያውቁት ነበር። ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ይቀንሱታል።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ ይባላል። እንዲያ ነው የጀመረው። አንድ ቀን ሩዙ ጥሬውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ እንደተዘፈቀ መጣ። እኛ ሳቅን፣ እትዬም ሳቁ። ሌላ ቀን ምስሩ ጨው ሁለቴ ገብቶበት መጣ፤ አሁንም ሳቅን። ከዚያ አንድ ቀን መፍቻ ልዋስ ስገባ ጋሽ አፍንጫ ጠረጴዛቸው ላይ አቀርቅረው ይበላሉ። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። ቀረብ ብዬ ባይ የምሳ ዕቃው ሦስቱም ድርብ ባዶ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተከድኖ ነው የመጣው። እሳቸው ባዶ ሳህን በማንኪያ እየጫሩ ያላምጣሉ፣ ምክንያቱም እትዬ አጠገባቸው ቆመው ያዩዋቸዋል።

«ጣፈጠህ?» አሉ እትዬ።

«እንደ ዛሬ ጣፍጦኝ አያውቅም» አሉ።

መፍቻውን ሳልጠይቅ ወጣሁ። ሱቄ ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የሚሳቅበትም የሚለቀስበትም አልነበረም። አንድ ሰኞ ምሳው ዘገየ። ጋሽ አፍንጫ መሣሪያቸውን ጥለው ወደ ቤት ሄዱ። ጋዙ የሸተታቸው ገና የጎረቤት አጥር ጋ ሲደርሱ ነው። እትዬ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ድንች ይልጣሉ፤ አራቱም ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። አንድም እሳት የለም። ክብሪቱ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። «ምነው ዛሬ ሮጠህ መጣህ?» አሏቸው እየሳቁ። ጋሽ አፍንጫ ሲሊንደሩን ዘጉ፣ መስኮቱን በረገዱ፣ እሳቸውን አቅፈው ወደ ግቢ አወጡ። ክብሪቱን ከሽርጣቸው ኪስ ወሰዱ። «አንድ ደቂቃ ብዘገይ ልትጭረው ነበር» አሉኝ በኋላ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ከከተማው ማዶ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እንዲያውም ከሁላችን ትክክል የነበረችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። በሳምንቱ መጨረሻ ስትመጣ ነገሩን ሰምታ፣ እዚያው ጠጋኝ ቤቱ ውስጥ፣ እኔ ባለሁበት ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አባዬ፣ ምድጃውን አውጣው። ምግብ እኔ አብስዬ እልካለሁ።»

«ምድጃውን ካወጣሁባት ምን ይቀራታል?» አሉ። «ያንቺን ስም እኮ አንዳንዴ እየሳተች ነው። የቤታችንን መንገድ ከረሳች ሦስት ወር ሆናት፣ የሰፈር ሰው ነው የሚመልስልኝ። ወጥ ቤት ስትገባ ብቻ ነው እሷ እሷን የምትሆነው።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ትምጣ። የምታያት ሠራተኛ እቀጥራለሁ።»

«ወጥ ቤትሽ ታስገቢያታለሽ?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «አላስገባትም» አለች።

«ስለዚህ እናትሽን አይደለም የምትወስጅው። ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ነው።»

ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ ዐይኗን ጠርጋ «አንድ ተጨማሪ አደጋ ከሰማሁ ግን መጥቼ እወስዳታለሁ። አባዬ፣ ሁለታችሁንም በአንድ ቀን መቅበር አልችልም» አለች።

በማግስቱ ጋሽ አፍንጫ ሱቄ ገቡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መንጎራደድ ጀመሩ። «አንዲት ደንበኛ አለችኝ» አሉኝ፤ «ትንሽ ትረሳለች። እንደሷ ላለ ሰው የትኛው ይሻላል?» ደንበኛዋ ማን እንደሆነች እሳቸውም እኔም እናውቃለን። እንደማላውቅ ሆንኩ። ጭንቄን የምደብቅበት ሌላ ሙያ የለኝምና እንደ ልማዴ ምላሴን ሳልኩት።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች ጋሼ? ለሷማ ኤሌክትሪክ ነዋ! ይኸው ይኼ፤ ሁለት ጥቁር ብረት፣ ጋዝ የለው፣ ክብሪት የለው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ራሱን ያጠፋል። እሷ ብትረሳው እሱ አይረሳም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያሙት የኖሩትን ምድጃ በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ሄዱ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

አጠቃቀሙን ላሳይ አብሬ ሄድኩ። እትዬ ማዞሪያውን በሚገባ አዞሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከብረቱ ሥር አዩ።

«እሳቱ የት አለ?»

«እሳት የለውም እትዬ፤ ብረቱ ይግላል ብቻ።»

«ያለ እሳት?» አሉና ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ የሸጥኩላቸው ይመስል አዩኝ። ከዚያ ክብሪት ጭረው ብረቱ ላይ አስቀመጡት። ክብሪቱ ነዶ አለቀ። ሌላ ጫሩ። እጃቸውን ይዤ «እትዬ፣ ይኼ ክብሪት አይፈልግም» አልኳቸው። «እሺ እሺ» አሉኝ። ጠጋ ብለው ደግሞ «እሳቱ የት አለ?» አሉ። ሠላሳ አራት ዓመት እሳት እያዩና እየሰሙ ያበሰሉ ሴት ናቸው። እሳቸው ምድጃ የሚሉት የሚታይና የሚሰማ ነገር ነበር። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስሄድ «ይለምዱታል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አዲስ ነገር ለመልመድ ማስታወስ እንደሚያስፈልግ እንኳ አላሰብኩም።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ፣ ብረቱ መሥራት አለመሥራቱን ሊያዩ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳረፉበት። ጩኸታቸውን የሰሙት ጋሽ አፍንጫ ጓሮ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ቁስሉን አይቼዋለሁ። ክብ ነው።

ለልጅቱ «ዘይት ረጭቶባት ነው» ብለው ዋሿት። ጋሽ አፍንጫ ሲዋሹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አያምርባቸውም። ምድጃውን በክንዳቸው ሸጉጠው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የምለው ሴትዮ ተቀብዬ ከመደርደሪያው ሥር ወሸቅሁት።

ሌላም ሞከርን። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ ዓይነት ነበረኝ፤ እሱን አስገባን። እሱ ደግሞ ሲለኮስ ማዞሪያውን ተጭኖ መቆየት ይፈልጋል። እትዬ ትንሽ ይይዙና ይለቁታል፤ እሳቱ እልም ይላል። እንደገና፣ እልም። «ምን አባቱ ነው የሚያሾፍብኝ?» ብለው ድስቱን መሬት ላይ ወረወሩት። በዚያ ቤት እትዬ ድስት ሲወረውሩ ታይቶ አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ የእኔ ነው። ይኼን ሳልናገር ባልፍ እንዴት በቀለለኝ!

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «የድሮ ምድጃቸውን ይመልሱላቸው። ግን ከቧንቧው ላይ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ የጋዝ መዝጊያ ቫልቭ ይግጠሙ፤ እሳቸው የማያዩት። እርስዎ ሲኖሩ ይከፍቱታል። ሲወጡ ይዘጉታል። በቃ።»

ፊታቸው በራ። «መጀመሪያ ዝጋ!» አሉና ግንባራቸውን መቱ፤ «እንዴት እኔ አልመጣልኝም?» በዚያው ቀን ገጠሙት። ዕድሜ ልካቸውን ብልሽት ያገኙት እየዘጉ ነው፤ በዚህም የሚድን መስሏቸው ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብታዩ! ጋሽ አፍንጫ ጠዋት ዘግተው ይወጣሉ፤ በምሳ ሰዓት ቤት ገብተው በስውር ይከፍታሉ። እትዬ ማዞሪያውን ሲያዞሩ ክብሪቷ ትጫራለች፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ክብ ሠርቶ ቁጭ። እጃቸው ምንም አልረሳም። አንድ ቀን ተጠርቼ ሾርባ በላሁ፤ ያው የድሮው ሾርባ ነው። «አንቺ አጥንት፣ ብዪ እንጂ!» አሉኝ። ጋሽ አፍንጫ ከማዶ ሆነው እንደ ሕፃን ፈገግ ብለው ያዩኛል። ለልጃቸውም ስልክ ደውለው «እናትሽ ድናለች» አሏት። ድናለች አሉ!

ከዚያ ክብሪት ማለቅ ጀመረ። በቀን አንድ ሙሉ ባኮ። ጋሽ አፍንጫ ነገሩ ግራ ቢገባቸው አንድ ረፋድ ላይ ሳይጠበቁ ተመልሰው በጓሮ መስኮት ተመለከቱ። እትዬ ምድጃው ፊት ቆመዋል። ማዞሪያውን ያዞራሉ፣ ክብሪት ይጭራሉ፣ ጣታቸውን እስኪለበልባቸው ይይዙታል፣ ይጥሉታል፣ ሌላ ይጭራሉ። ወለሉ በጥቁር እንጨት ተሞልቷል። «እንዲህ ነበር እኮ» ይላሉ ለራሳቸው። «እንዲህ አዙሬ... እንዲህ ነበር። ረሳሁት። ይኸንንም ረሳሁት።»

ጋሽ አፍንጫ ወደ ውስጥ መግባት አቃታቸው። በዚያው ወደ እኔ መጡ።

«ታዲያ ጋዙ ተዘግቶ ነው ብለው ለምን አይነግሯቸውም?» አልኩ።

«ነግሬያታለሁ። አራት ጊዜ ነግሬያታለሁ። መዘጋቱን ትረሳዋለች። አለመብራቱን ግን አትረሳም።»

«እንግዲያው ከፍተው ይሂዱ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከፍቼ ልሂድ?»

ከፍቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ሰው በሁለት በኩል ሲዘጋበት አየሁ፤ አንዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ አፍንጫ በማግስቱ ጠጋኝ ቤታቸውን ቆለፉ። ያልተጠገኑትን ምድጃዎች ለባለቤቶቻቸው መለሱና ሙሉ ቀን ቤት መዋል ያዙ። ጋዙን ጠዋት ከፍተው ቀኑን ሙሉ ክፍት ትተው እትዬ አጠገብ ይቀመጣሉ። ግን ረፍዷል። እትዬ ወደ ምድጃው አይሄዱም። ጋሽ አፍንጫ ሽንኩርት ከትፈው፣ ድስት አቅርበው «ነይ፣ ጣጂልኝ» ይሏቸዋል። «እኔ አልችልበትም» ይላሉ እትዬ፤ «ሞክሬ እንቢ ብሎኛል።» ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ማዞሪያው ሊወስዱ ሲሉ እጃቸውን ይነጥቃሉ። ከሁሉ ነገር ውስጥ አንዲት ይህቺን ነገር አጥብቀው ያዙ፤ አለመቻላቸውን። ያን ያስተማርናቸው እኛ ነን። በየቀኑ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ባኮ ሙሉ ክብሪት እያስጨረስን።

ወጥ ቤቱን ሲተዉ ሌላውም ተከትሎ ሄደ። መጀመሪያ የቀኑን ሰዓት፣ ከዚያ እኔን። «ይህቺ ቀጭን ሴትዮ ማናት?» ማለት ጀመሩ። ብዪ የሚለኝ ጠፋ።

በመጨረሻው ቅዳሜ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ገና በር ላይ የተቃጠለ ሽንኩርት ሸተተኝ። ጋሽ አፍንጫ የእትዬን ሽርጥ አሥረው ምድጃው ላይ አጎንብሰዋል። የሰፈሩን ምድጃ ሁሉ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰውዬ እንቁላል መቀቀል አያውቁም። «ሽታው ያመጣታል ብዬ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። ላብ በፊታቸው ይወርዳል። ሾርባ ነው መሰል፤ ካሮቱ ተቆራርጦ ሳይሆን ተሰባብሮ ገብቷል። እትዬ ጠረጴዛው ጋ፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልባቸው እየራራ ሰውዬውን ይመለከታሉ።

«ጌታዬ» አሉ፤ «አይድከሙ።»

ጋሽ አፍንጫ ዞሩ። ማንኪያው እጃቸው ላይ ነው።

«ምድጃው ተበላሽቷል፤ በእርሱ አይበስልልዎትም። ባለቤቴ ምድጃ ሠሪ ነው። እሱ ሲመጣ ይሠራዋል።»

ጋሽ አፍንጫ ማንኪያውን አስቀመጡ፣ እሳቱን አጠፉ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ እጃቸውን ሰደው ቫልቩን ዘጉ። ስልካቸውን ይዘው ወደ ግቢ ወጡ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር እሰማለሁ። «ነይ» አሉ። «አዎ፣ ነይና ውሰጃት። አይ፣ አደጋ የለም። ምንም የለም። ዕቃዋ ብዙ አይደለም።» ከዚያ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሯቸው ላይ ይዘውት ትንሽ ቆሙ።

ሲመለሱ እትዬ ከጎናቸው ያለውን ወንበር ሳብ አደረጉላቸው።

«ይቀመጡ እንጂ። ከሩቅ ነው የመጡት?»

«አይ፣ እዚሁ ነው።»

እትዬ የፊታቸውን ላብ አይተው የሽርጡን ጫፍ ይዘው ጠረጉላቸው። «አይዞዎት» አሏቸው፤ «ይመጣል። ምድጃ አቅቶት አያውቅም።»

«እሺ» አሉ ጋሽ አፍንጫ፤ «አብረን እንጠብቀው።» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።